ላይ ቤት ያለችው ዳዳ

የባቭና ታላቅ እህት ነጭ ጢም ነበራት።

ስድስት ዓመቴ ስለነበር ብዙም አልገረመኝም። በዚያ ዕድሜ የሚያስገርሙኝ ሌሎች ነገሮች ነበሩ። የሞምባሳ ባሕር ጠዋት ከግንቡ ሥር ደርሶ ሲንቦጫረቅ ይውልና በኋላ ጭቃውን ብቻ ትቶ የት እንደሚሄድ ይገርመኝ ነበር። ዓሣ ዓይኑን ሳይከድን እንዴት እንደሚተኛ ይገርመኝ ነበር። የእህት ጢም ግን ምኑ ይገርማል? እኔ እህት የለኝም። እህቶች ሲያድጉ ምን እንደሚያበቅሉ በምን አውቃለሁ?

ባቭና "ዳዳ" እያለች ነበር የምትጠራት። በስዋሂሊ ዳዳ ማለት ታላቅ እህት ማለት መሆኑን ደግሞ በድሮው ከተማ ድመት እንኳን ያውቀዋል። ከእኛ ቤት በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖረውን ሳኡሙን "ዳዳ ሳኡሙ" እያልኩ ነው አፌን የፈታሁት። ዳዳ ሳኡሙ ፀጉሬን የኮኮናት ዘይት ቀብታ ትጎነጉነኝ ነበር። ስባ ሲያመኝና ስጮህ፣ "ቢሪካ ፈላች! ኧረ ክዳኗን አንሱላት!" ትላለች። ስሜ ብርቄ ነው። እናቴ ብርቅ ሆኜባት ያወጣችልኝ ስም ነው። የሰፈሩ ምላስ ግን አልታዘዝ አለና ቢሪካ አደረገኝ፤ ቢሪካ በስዋሂሊ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። እናቴም በዚያው ማማ ቢሪካ ተብላ ቀረች፤ የማንቆርቆሪያ እናት።

ሦስተኛው ፎቅ የእነ ባቭና ነበር። ባቭና እኩያዬ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ምላሷ ይታያል። አባቷ ኪሾር ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እናቷ ሃንሳ ትባላለች። ሰዎቹ ከባሕሩ ማዶ፣ ከህንዷ ጉጅራት የመጡ ናቸው። ዛሬ እንደማውቀው በእነሱ ቋንቋ ዳዳ ማለት የአባት አባት ነው። ባቭና አያቷን ነበር የምትጠራው። በስዋሂሊ ዳዳ እህት ነው። በእናቴ ቋንቋ በአማርኛ ደግሞ ዳዳ ጭራሽ ሰው አይደለም፤ ሊወድቅ ዳዳ፣ ሊያለቅስ ዳዳው እንላለን፤ ሊሆን ሊሆን ብሎ ደጃፍ ላይ ለቆመ ነገር ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች በሥጋም በጋብቻም አይገናኙም። ምናልባት ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ሁሉ የሚለው ነገር አንድ ስለሆነ ይሆናል። የሆነ ሆኖ የተገናኙት በእኛ ደረጃ ላይ ነው፤ መሐላቸው የቆምኩትም እኔ ነበርኩ።

ዳዳ የመጣችው ከዝናቡ ወራት ቀደም ብሎ ነው። (በዚያን ጊዜ እሷ ስለነበረች እሷ እያልኩ ልቀጥል፤ እሳቸው የምልበት ጊዜ ይመጣል።) ናይሮቢ ዘመድ ቤት ሄዳ በዚያው ታማ ከርማ ነበር። ከባቡር ጣቢያ አምጥተው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አራት ወዛደሮች ተሸክመዋት ደረጃውን ወጡ። እናቴ በዚያ ሰዓት የጠለፈችውን ቆብ ልታስረክብ ገበያ ወጥታ ነበርና አላየችም። ከዚያ ወዲያ ዳዳ ጉልበቷ ስለደከመ አልወረደችም፤ እናቴም ወደ ላይ አትወጣም።

እናቴ በጠቅላላው የሰው ቤት አትሄድም ነበር። የእስላሞቹን ነጭ ቆብ በሐር ክር ትጠልፋለች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ብርሃኑ ጭኗ ላይ እንዲወድቅ ተቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ። ጥልፏ የታወቀ ነበር። ስዋሂሊዋ ግን የገበያ ብቻ ነው፤ "ስንት ነው? ቀንስ። ተወው በቃ።" ከዚያ ካለፈ እኔን ትጠራለች። ጎረቤት ሲጣላ፣ ሲታማ፣ ሲካሰስ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። "ዝም አይነቅዝም" ትለኛለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። አባቴ የጭነት መኪናው ተገልብጦ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ለምን ሞምባሳ እንደመጣን ስጠይቃት "ባሕር ለማየት" አለችኝ፤ አምኛታለሁ። ይሁን እንጂ ባሕሩ ዳር ስትቆም አይቻት አላውቅም።

ለዳዳ ሴትነት በቂ ማስረጃ ነበረኝ። አንደኛ፣ እንደ ቀሚስ ከወገቧ ጀምሮ የሚጠመጠም ነጭ ልብስ ትለብሳለች። ደግሞ ከንፈሯ ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ዳዳ ሳኡሙ ሠርግ ስትሄድ እንደምትቀባው ያለ ቀይ። ቅጠል ጠቅልላ እያኘከች መሆኑን አያለሁ፤ ቢሆንም ለከንፈሯ ውበት ብላ የምታኝከው ነበር የሚመስለኝ። ከሁሉ በላይ ግን የሃንሳ ነገር ነበር። ዳዳ ወደ ሳሎን ብቅ ስትል ሃንሳ የሳሪዋን ጫፍ ጎትታ ፊቷን ትሸፍናለች። ከሴትዮዋ ጋር የተኳረፉ ነበር የመሰለኝ። የባል አባት ፊት ምራት እንደምትሸፈን፣ ያም ክብር መሆኑን ማን ይንገረኝ?

ደግሞም ዳዳን እወዳት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል አንድ እጇን በባቭና ትከሻ፣ አንዱን በኔ ትከሻ አድርጋ እነዚያን ጥቂት ደረጃዎች ወደ ሰገነቱ እናወጣታለን። ሃንሳ ያሰጣችው ቃሪያ መካከል በርጩማ ላይ ትቀመጥና ለቁራዎች ቂጣ ትቆርሳለች። ቁራዎቹ አንገታቸው አመድማ ነው፤ ሌቦች ናቸው፤ ከሕፃን እጅ ይነጥቃሉ።

"ቢሪካ፣ እነዚህ የኔ አገር ቁራዎች ናቸው" አለችኝ አንድ ቀን። ስዋሂሊዋ የድሮ ነበር፤ መርከበኞች የሚናገሩት ዓይነት። "በመርከብ ነው የመጡት። ልክ እንደኔ።"

"ትኬት ቆርጠው?" አለች ባቭና።

"ማን ይቆርጥላቸዋል? ተደብቀው። እኔም ተደብቄ ነው። እስቲ ቢሪካ፣ ወደ አገራችሁ ተመለሱ በያቸው።"

ተነስቼ እጄን እያወናጨፍኩ "ተመለሱ!" ብዬ ጮህኩ። ብር ብለው ተነሱ፣ ከመስጊዱ ግንብ በላይ ዞሩ፣ ተመልሰው ቂጣው ላይ አረፉ። ዳዳ እስክታስል ድረስ ሳቀች።

"አየሽ፣ አይሄዱም። ቤታቸው ነው።" ከዚያ ወደ ባሕሩ በአገጯ እያመለከተች፣ "ጓደኛዬም እዚያ ውስጥ ነው ያለችው" አለች።

ለረጅም ጊዜ ውኃውን አየሁ፤ የሚዋኝ ሰው አልታየኝም። በስዋሂሊ የሚናገሩት የዚያ ዘመን ሰዎች ለትዳር አጋር "ጓደኛዬ" እንደሚሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የባቭና ሴት አያት ከመሞታቸው በፊት አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ሞምባሳ ባሕር ላይ እንዲበተን ተናዝዘው ነበር፤ እንደ ቃላቸውም ሆነ።

ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ባቭና ደረጃው ላይ አስቁማኝ "ዳዳን አርብ በመርከብ ህንድ ሊልኩ ነው" አለችኝ በስዋሂሊ። ታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ ወርጄ ለእናቴ ተረጎምኩ። ችግሩም እዚህ ጋ ነው የተጠነሰሰው። በስዋሂሊ ስለ ሰው ብታወሩ ወንድ ይሁን ሴት ግሱ አያወጣባችሁም፤ እሱም እሷም አንድ ናቸው። አማርኛ ግን ምስጢር አይጠብቅም። አፌን እንደከፈትኩ ዳዳ ሴት ሆነች።

"እማዬ፣ የባቭናን እህት ሊወስዷት ነው።"

"የት?"

"ህንድ። በመርከብ።"

መርፌዋ ቆመ። "እህት አላት እንዴ? አይቻት አላውቅም።"

"አትወርድማ። ሁልጊዜ እቤት ናት። በፊት ሌላ ቦታ ነበረች፤ ታማ ነው ያመጧት።"

"ትልቅ ናት?"

"ከባቭና በጣም ትበልጣለች።"

"ህንድ ምን አላት?"

"የሚጠብቋት ሰዎች አሉ አለች ባቭና። እሷ ግን አታውቃቸውም።"

"አታውቃቸውም" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "እናትየዋስ? ሃንሳ ምን ትላለች?"

"ሃንሳማ ስታያት ፊቷን ትሸፍናለች።"

"ታዲያ በምን ዓይኗ ትያት!" አለችና ቆቡን ጭኗ ላይ ጣለችው።

ጢሟን ለምን አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ባለ እንቅርት ሴት በጣቴ ባሳያት፣ የሰው ገላ መጠቆም ነውር መሆኑን በቁንጥጫ አስረድታኛለች። ስለዚህ የዳዳን ጢም እንደ ጨዋ ልጅ በሆዴ ያዝኩት። "እሳቸው" ብዬም ቢሆን ኖሮ እናቴ አዛውንት መሆናቸውን በነቃች ነበር። ግን ለእህት ማን አንቱ ይላል?

በማግስቱ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። "ስሚኝ ብርቄ፣ ሂጂና ጠይቂያት። ሰው በሌለበት። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ በያት። ሌላ ምንም እንዳትናገሪ።"

ሰገነቱ ላይ ባቭና ውኃ ልታመጣ ስትወርድ ጠጋ ብዬ በስዋሂሊ ጠየቅኋት። ዳዳ ማኘኳን አቆመች።

"ማን ጠይቂ አለሽ?"

"እናቴ።"

"እናትሽ እኔን የት ታውቀኛለች?"

"አታውቅሽም። ጠይቂ አለችኝ ብቻ።"

ዳዳ ቂጣውን እጇ ላይ ፈረፈረችው። "ይህንን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። "ትኬቱን ሲያሳዩኝ ጨርሰው ነው። ሣጥኑ ተገዝቶ ነው።" ቁራዎቹ እግሯ ሥር ይጣላሉ። "አልፈልግም፣ ቢሪካ። እዚያ የማውቀው ሰው ሁሉ ሞቷል። እንዳትናገሪ ግን፤ ኪሾር ብዙ ደክሞበታል፤ ላሳፍረው አልፈልግም። ለማንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?"

እሺ አልኩ። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ጢሟ ውስጥ ገባ። እናት ከ"ማንም" አትቆጠርምና ቀጥታ ወርጄ ለእናቴ ነገርኳት። "አልፈልግም አለች። አለቀሰች። ኪሾርን እንዳላሳፍረው ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለች።"

እናቴ ምሳ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም። ስትጠልፍ ጣቷን ወጋች፤ እናቴ ጣቷን ስትወጋ አይቼ አላውቅም ነበር። ነጩ ቆብ ላይ ትንሽ ቀይ ነጠብጣብ ወደቀ። "ዝም አይነቅዝም" አለች ለራሷ። እንደገናም፣ "ይነቅዛል እንጂ። ውስጥ ውስጡን ነው የሚነቅዘው።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታጠበች። ከሣጥኗ ሥር ነጠላዋን አወጣች፤ ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰውን። ፀጉሯን አበጠረች፣ እጄን ያዘች። "ያልኩትን ትነግሪያቸዋለሽ፤ አንድ ቃል ሳታስቀሪ" አለች። ደረጃውን ስንወጣ መዳፏ እርጥብ ነበር።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዳዳ ሳኡሙ ደጃፏን እየጠረገች አገኘናት። "ማማ ቢሪካ! እንዴት አምሮብሻል ጃል! ሠርግ አለ እንዴ?"

እናቴ ደረጃውን መውጣት ቀጠለች። "ዳዳን እንዳትሄድ ልናደርጋት ነው!" አልኳት ዞር ብዬ።

"እኔን?" አለች ሳኡሙ መጥረጊያዋን እንደያዘች። "የት ልሄድ ነው እኔ?"

የእነ ባቭና በር ክፍት ነበር። መካከል ላይ ትልቅ የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጧል፤ ኪሾር በካናቴራ ሆኖ በገመድ እያሰረው ነው። ከጎኑ አዲስ ጋቢ የመሰለ የሱፍ ልብስና አዲስ ካልሲ አለ። ሃንሳ ለመንገድ የሚሆን የሽምብራ ዱቄት ትጠብሳለች፤ ቤቱ ዘይት ዘይት ይሸታል። ባቭና ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። የውስጡ ክፍል መጋረጃ ተጥሏል።

"ማማ ቢሪካ! ግቡ፣ ግቡ፣ ምን ዓይነት ቀን ነው!" አለ ኪሾር እጁን እየጠራረገ። ሃንሳ ወንበር አቀረበች፣ ጣፋጭ በሳህን አመጣች። እናቴ አልተቀመጠችም። ሳህኑንም አልነካችም። የሰው ቤት ገብታ የቀረበላትን ስትመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሃንሳ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"ዳዳ ሀታኪ ክዌንዳ" አለች እናቴ።

ሦስት ቃል ነው፤ ሌሊቱን ስታጠናው ያደረች ይመስለኛል። እሷ "ዳዳ መሄድ አትፈልግም" ማለቷ ነው። ኪሾር የሰማው "ዳዳ መሄድ አይፈልጉም" የሚል ነው። ያ ደግ ቋንቋ ለሁለቱም እውነቱን ነገራቸው።

ኪሾር ገመዱን ለቀቀው። "ማን ነው ያለው?"

እናቴ ወደ ውስጠኛው ክፍል አመለከተች።

"ለማን?"

እኔን አመለከተች። ነጠላዋ ውስጥ ገባሁ።

ኪሾር ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ መጋረጃው አየ። ቀይ ፊት አልነበረውም፤ ያን ጊዜ ግን ቀላ። "ዳዳ እኮ ናይሮቢ አልጋ ላይ እያሉ 'ቤቴ ውሰዱኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ' ሲሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ አገር ቤት ማለታቸው ነው ብዬ ስንት ደጅ ጠንቼ ነው ትኬቱን ያገኘሁት! ሣጥኑንም ገዝቼ ሳሳያቸው ምንም አላሉም። አንድ ጊዜ እንኳን እምቢ አላሉም!"

ተረጎምኩላት። "እምቢ አላለችም" የሚለውን ስትሰማ እናቴ ስዋሂሊዋ አለቀባት። እንደ ጎርፍ በአማርኛ መጣች፤ ድምጿ እንዲህ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

"እንዴት አድርጋ እምቢ ትበል? ድግሱ ተደግሶ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ! ዝም ያለ ሁሉ እሺ ያለ ይመስላችኋል? አባቷን ላለማሳፈር ነው ዝም ያለችው። በቅሎዋ ላይ ሲያስቀምጧት ዝም አለች። እናቷ ፊቷን ሸፍና ስትስማት ዝም አለች። መንገዱን ሁሉ ዝም አለች። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳን ትፈልጊያለሽ ወይ ቢላት ኖሮ ትናገር ነበር! ማንም አልጠየቃትም!"

ሃንሳ የምትጠብሰው ነገር ማረር ጀመረ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ክፍል ውስጥ እናቴ ያለችውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ደግሞ አልገባኝም። በቅሎዋ ከየት መጣች? ሦስተኛው ፎቅ ላይ በቅሎ የለም። እናቴ በአሥራ አራት ዓመቷ አይታው ለማታውቅ ነጋዴ መዳሯን፣ ከቤቱ አምልጣ በጭነት መኪና ሞያሌን መሻገሯን፣ ሾፌሩም ኋላ አባቴ መሆኑን የነገረችኝ እኔ ራሴ ላገባ ስል ነው። ሌሊቱን ሙሉ "ወደሽ ነው? ወደሽ ነው?" ስትለኝ አደረች።

"ምን አለች?" አለ ኪሾር። ድምፁ ቀጭን ሆኗል።

ሁሉም ወደኔ አዩ። በቅሎዋን ተውኳት፤ የሌለ ነገር መተርጎም ውሸት መሰለኝ። "ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም ትላለች" አልኩ በስዋሂሊ። "ላለማሳፈር ነው ዝምታው ትላለች። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል ትላለች። ማንም አልጠየቀም ትላለች።"

መጋረጃው ተገለጠ። ዳዳ ግድግዳውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሃንሳ ሳሪዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ሽማግሌው በጉጅራትኛ አጭር ነገር ተናገሩ፤ ኪሾርም መለሰ፤ ድምፁ ተሰበረና አባቱ እግር ላይ ወደቀ። የተባባሉትን ባቭና በኋላ ነገረችኝ። "ሰለቸኋችሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት" ነው ያሉት። "እኔ ደግሞ ደስ ብሎዎት ዝም ያሉ መስሎኝ" ነው ያላቸው ኪሾር። አባትና ልጅ በአንድ ቋንቋ እየተናገሩ፣ በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ለሳምንታት አንዱ ሌላውን ሊያስደስት ሲል ሊለያዩ ነበር።

እናቴ ሽማግሌ ስታይ የምታደርገውን አደረገች። ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም እጃቸውን ነጠላዋ ላይ፣ ራሷ ላይ አሳረፉ፤ ቆዩ። ኪሾር በአንድ በኩል፣ እናቴ በሌላ በኩል ጎንበስ እንዳሉ ሃንሳ ጮኻ ወደ ምጣዱ ሮጠች። የሽምብራው ዱቄት ከሰል ሆኗል። ባቭና ካልሲውን ከሣጥኑ ላይ አንስታ እጇ ላይ አጥልቃ ማጨብጨብ ጀመረች።

ወደ ቤታችን ስንወርድ እናቴ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ነበር የወረደችው። የጣፋጩን ሳህን ተሸክመን ነው የመጣነው፤ ኪሾር በግድ አስይዞን። ነጠላዋን አጣጥፋ አንዱን ጣፋጭ በላች። ሁለተኛውን ደገመች።

"ሽማግሌው የተባረኩ ሰው ናቸው" አለች አፏ እንደሞላ። "አንድ ቃል ነው የተናገሩት፣ ነገሩ አለቀ። አያቷ መሰሉኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ለሴት ልጅ እንዲህ የሚቆረቆር ሽማግሌ እኛ አገርም ቢኖር ኖሮ... ልጅቷስ? ምነው ብቅ እንኳን ሳትል?"

"ማን?"

"ልጅቷ ናታ። ዳዳ።"

"ወጣች እኮ።"

"መቼ ወጣች?"

"እጇን ራስሽ ላይ አላደረገችም?"

እናቴ ማላመጧን አቆመች። "እሳቸው ሽማግሌው ናቸው እኮ እጃቸውን ያደረጉት።"

"አዎ። የባቭና እህት።"

"ብርቄ፣ ጢም አላቸው!"

"አውቃለሁ" አልኩ። "የሰው ገላ መጠቆም ነውር ነው ስላልሽኝ ነው ያልነገርኩሽ።"

መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምትስቀው፤ ያን ቀን ግን እጇ አልደረሰም። ጭኗን እየመታች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ "ጉልበታቸውን! ነጠላዬን ለብሼ! ልጅቷን አምጡ ብዬ ልፎክርባቸው ዳድቶኝ ነበር እኮ!" እያለች ሳቀች። ዳዳ ሳኡሙ ከላይ በመጥረጊያው እንጨት ወለሉን መታች፤ "ምንድን ነው የሚያስቀው? ለኔም ንገሩኝ!" እያለች። እኔም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅሁ፤ እናቴ እንዲህ ስትስቅ መሳቅ ነበረብኝ።

ሳቁ መቼ እንደተለወጠ አላየሁም። ቀና ስል እናቴ ወለሉ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ ይወርዳል። ፈራሁ። የደከመችው በከንቱ ሆኖባት፣ ያቺን ልጅ በማጣቷ አዝና መሰለኝ። አጠገቧ ተቀምጬ በቀሚሴ ጫፍ ፊቷን ጠረግሁላት።

"አታልቅሺ እማዬ" አልኳት። "ልጅቷ እኮ የለችም። ማንም አልወሰዳትም።"

"አለች እንጂ" አለች እናቴ። "አለች እንጂ፣ ልጄ።"

የት እንዳለች ልጠይቃት ብዬ ፊቷን አየሁና ተውኩት።